ኦፕሬተሩን ከመክሰሳችን በፊት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ መንግሥት ከዘረዘራቸው ቀጣይ ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ቡና ላይ ተቀምጠው ይህ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ከየትም ይጀምር ከየት የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው። «ዋናው ሰው ነው። የተማረ፣ ጠንቃቃ፣ ዲሲፕሊን ያለው ሰው ከተቀመጠበት ማሽኑ ምንም አይል። ቼርኖቤልስ ቢሆን የሰው ስህተት አይደል እንዴ?»

የሚገርመው ደጋፊውም ተቃዋሚውም እዚህ ላይ መስማማታቸው ነው። ደጋፊው «ልጆቻችንን ልከን እናሠለጥናለን» ይላል። ተቃዋሚው «እኛ ቸልተኞች ነን፣ ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም» ይላል። ሁለቱም አደጋውን የሚፈልጉት ከኦፕሬተሩ ጣት ላይ ነው። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። ስህተቱ ደግሞ በወሬ የሚቀር አይደለም፤ ነገ የግዥ ውል የሚያረቅቁ ሰዎች ይዘውት ከገቡ ዋጋ ያስከፍለናል። ከዚህ በታች በማነሳቸው ትልልቅ አደጋዎች ሰው የተሳሳተው ማሽኑ እንዲሳሳት አድርጎ ስለጠበቀው ነው። ማሽኑን ከሰው ዓይን፣ ከሰው እጅ፣ ከሰው ድካምና ከሰው አስተዳደግ ጋር የሚያስማማው ሙያ ሰው ተኮር ምሕንድስና ይባላል። የዚህን ሙያ መመዘኛ ደግሞ ሻጩ ሊጽፍልን አይችልም፤ ራሳችን መጻፍ አለብን፣ ያውም ሪአክተሩን ከመግዛታችን በፊት።

በአሜሪካ የንግድ ኒውክሌር ታሪክ ከባዱ አደጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ሁለተኛው ሪአክተር ነው። ወደ እንፋሎት ማመንጫዎቹ ውሃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ፤ ሪአክተሩም እንደተሠራለት በራሱ ጠፋ። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ ተመልሶ መዘጋት ነበረበት፤ ተጣብቆ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለችው የቫልቩ መብራት ግን ጠፋች። ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

መብራቷ የቫልቩን ሁኔታ አታሳይም ነበር። የምታሳየው «ዝጋ» የሚለው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነው። ትእዛዙ ተልኳል፤ ቫልቩ ግን አልታዘዘም። በዚህ ሁኔታ ከሁለት ሰዓት በላይ የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በዚያ ቀዳዳ ሲፈስ ቆየ። የሚፈሰውን ውሃ የሚቀበለው ታንክ መለኪያ ነበረው፤ መለኪያው ግን ኦፕሬተሮቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሳይሆን ከሰሌዳው ጀርባ ነው የተገጠመው። የመጠባበቂያው ውሃ ቫልቮች ከጥገና በኋላ ተዘግተው ቀርተው ነበር፤ ይህን ከሚያሳዩት መብራቶች አንዱ በተንጠለጠለ የጥገና ካርድ ተሸፍኗል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች በአንድ ላይ ጮኹ። የቱ ለነፍስ፣ የቱ ለተራ ጉዳይ እንደሚጮኽ የሚለይ ነገር አልነበረም። ማንቂያዎቹን በቅደም ተከተል የሚያትመው ማሽን ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ። ሰዎቹ በሥልጠናቸው «የግፊት መቆጣጠሪያው ታንክ በውሃ እንዳይሞላ» ተብለዋል፤ ፊታቸው ያለው መለኪያ እየሞላ ነው ሲላቸው የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱ። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ የሚጠጋው ቀለጠ።

ይህን ሁሉ አንብቦ «የኦፕሬተር ስህተት» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙትና በጆን ኬሜኒ የተመራው ኮሚሽንም የኦፕሬተሮቹ እርምጃ ብልሽቱን ወደ ከባድ አደጋ እንደቀየረው አልደበቀም። ነገር ግን እዚያ አላቆመም። ሰዎቹን ወደዚያ እርምጃ የገፋቸውን ጠየቀ፤ ሥልጠናው፣ የሥራ መመሪያው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አሠራር፣ ከሌላ ጣቢያ ያልደረሰው ማስጠንቀቂያ። ምክንያቱም ከ18 ወር በፊት ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በሚባል ጣቢያ ያው ዓይነት ቫልቭ በዚያው መንገድ ተጣብቆ ነበር። እዚያ ሪአክተሩ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ስለነበርና በጊዜ ስለተደረሰበት ጉዳት አልደረሰም። ትምህርቱ ግን ስሪ ማይል አይላንድ ላሉት ሰዎች አልደረሳቸውም። እንግዲህ ጥፋቱ የሌሊት ፈረቃው ነው ወይስ የሰሌዳው ነዳፊና ወሬውን የያዘው መሥሪያ ቤት?

አሜሪካኖቹ መልሱን በሥራ አሳዩ። የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ኑሬግ 0700 የተባለውን የመቆጣጠሪያ ክፍል መመርመሪያ መመሪያ አወጣ፤ በ1994 ደግሞ የሰው ተኮር ምሕንድስናን ሥራ ከዕቅድ እስከ ማረጋገጫ የሚገመግም ኑሬግ 0711 ተከተለ። ሰሌዳው የሚለካው ከአጫጭር ሴቶች ጀምሮ እስከ ረጃጅም ወንዶች ድረስ እንዲደርሱበትና እንዲያዩበት ነው። ማንቂያዎች በደረጃ ይለያሉ። መብራት ትእዛዝ ሳይሆን እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ እኛ ግን ጅቡ ገና አልመጣብንም።

ወደ ቼርኖቤል ልለፍ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነውና። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ ሪአክተሩ ሲፈነዳ የሶቪየት ባለሥልጣናት በዚያው ዓመት ነሐሴ ቪየና ላይ ያቀረቡት ዘገባ ሸክሙን በኦፕሬተሮቹ ላይ ጫነው። በቀጣዩ ዓመት የጣቢያው ኃላፊዎች ተፈረደባቸው። በ1992 ግን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን የቀድሞ ድምዳሜውን ከልሶ አወጣ። ዋናው ጣት የተቀሰረው በሪአክተሩ ንድፍ ላይ ነበር። የማስቆሚያ ዘንጎቹ ጫፍ በግራፋይት የተሠራ በመሆኑ፣ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ዘንጎቹ ሲወርዱ ኃይሉን ከመቀነስ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይጨምሩት ነበር። ይህ ጠባይ በ1983 ሊቱዌኒያ ውስጥ ኢግናሊና ጣቢያ ላይ ታይቷል። ያን ሌሊት «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ የተጫነው ሰው ግን ቁልፉ ሊያደርግ የሚችለውን አልተነገረውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ቼርኖቤልን የቸልተኛ ኦፕሬተር ታሪክ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ከ30 ዓመት በፊት የተሻረ ፍርድ ነው የሚጠቅሰው።

ሩቅ ሀገር ብቻ እንዳይመስል የራሳችንን ላንሳ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳቱ አህመድኑር ሙሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት የቦይንግ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ገድሏል።

ወሬው እንዴት እንደጀመረ የምናስታውስ እናስታውሳለን። አስከሬኑ እንኳ ሳይሰበሰብ አንዳንዱ የአብራሪዎቹን የበረራ ሰዓት ይቆጥር ጀመር። አሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ እዚያ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር ተባለ። በኮክፒቱ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው። ኤምካስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው በአንድ ዳሳሽ ቃል ብቻ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሁለት ዳሳሽ እያለው። በግራ በኩል ያለው ዳሳሽ ከመሬት ከለቀቁ በኋላ ተበላሽቶ ከ74 ዲግሪ በላይ አነበበ። የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የፍጥነትና የከፍታ ማስጠንቀቂያዎች አብረው መጡ። አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ቦይንግ ባሰራጨው መመሪያ መሠረት የኤሌክትሪኩን ማስተካከያ ቆረጡ። በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር ግን በዚያ ፍጥነት በአየር ግፊት ተይዞ አልዞር አላቸው። ሥርዓቱ የተነደፈው አብራሪው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ችግሩን ለይቶ ምላሽ ይሰጣል ተብሎ ታስቦ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ይህ ግምት ማስጠንቀቂያዎች በብዛት በአንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚሆን አልመዘነም ብሎ ጻፈ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2022 የወጣውን የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሪፖርት በተመለከተ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የበረራ ሠራተኞቹም አያያዝ በበቂ ሁኔታ ሊታይ ይገባ ነበር ብለው አስተያየታቸውን ሰጥተዋል። ይታይ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ይህ የአውሮፕላን ዓይነት በመላው ዓለም 20 ወር ገደማ ቆሞ ወደ አየር የተመለሰው አብራሪዎችን በመቅጣት አልነበረም። ኤምካስ ሁለቱን ዳሳሾች እንዲያነጻጽር፣ ደጋግሞ እንዳይገፋ፣ አብራሪውን እንዳያሸንፍ ተደርጎ እንደገና ተሠራ፤ ሥልጠናውም ከዚያ ጋር ተቀየረ። በያሬድና በአህመድኑር ላይ ጣት ሲቀሰር የተቆጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ነገ በኒውክሌር ጣቢያ ለሚቀመጠው ልጃችን ያንኑ ቁጣ አስቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል።

ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቃል። ከደጀን ቁልቁል፣ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ ጎሃ ጽዮን። አደጋ ሲደርስ የሚሰማው ምክንያት «የአሽከርካሪ ጥፋት» ነው። ጥፋት አለ፤ ግን ያው ጥፋት ያው መታጠፊያ ላይ ሲደጋገም የሚጠየቀው አሽከርካሪው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ቢቸና የነጭ ጤፍ አገር ናት፤ ወፍጮ ቤት የማያውቅ የለም። አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ሁለት ወፍጮ አለ፤ አንዱ የጤፍ፣ አንዱ የበቆሎና የገብስ። የሁለቱም ማብሪያ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ መጠናቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ የተጻፈባቸው ነገር የለም፤ ቢጻፍም ዱቄት ይሸፍነዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ወይም ሲወልቅ ፈጪው ዘሎ ማጥፋት ያለበት የትኛውን እንደሆነ በዓይን መለየት አይችልም። ልጁ ታዲያ በአንዱ እጀታ ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ጠምጥሞበታል። ምንድን ነው ስለው «አባባ፣ በጨለማም እጄ ያውቀዋል» አለኝ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ጨለማ ሲል የምሩን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካን የኒውክሌር መቆጣጠሪያ ክፍሎች የዞሩ አጥኚዎች በአንዱ ጣቢያ ያገኙት ይህንኑ ነው። ኦፕሬተሮቹ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት እጀታዎችን ለመለየት የቢራ መቅጃ እጀታ አምጥተው ገጥመውባቸዋል። ከዚያም በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ የቢ 17 አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ክፋይ እናጥፋ ብለው ጎማውን የሚያጥፉት ሁለቱ ማንሻዎች ጎን ለጎንና አንድ ዓይነት ስለሆኑ መሆኑን አሳየ። አንደኛው ላይ ትንሽ ጎማ፣ ሌላኛው ላይ ሦስት ማዕዘን ተገጠመ፤ ስህተቱም ቀረ። አብራሪዎቹ ያው ናቸው። ስለዚህ ዕውቀቱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቢቸናው ልጅ አለው። የጎደለው ያን ዕውቀት መሐንዲሱ ከማሽኑ መገዛት በፊት እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ሕግ ነው።

«ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ ሻጩ ይዞት ይመጣል» ለሚሉኝ አዎን፣ አለ። የአቶሚክ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውክሌር ጣቢያ ንድፍ ላይ ስለ ሰው ተኮር ምሕንድስና ራሱን የቻለ የደኅንነት መመሪያ አውጥቷል። ግን መመሪያው መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄ ነው የሚሰጠው። ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ማነው? በምን ቋንቋ ያስባል? ፈረቃውን እንዴት ነው የሚቀባበለው? ብሎ ይጠይቃል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ሩሲያዊ ወይም ኮሪያዊ መሐንዲስ ስለ ኢትዮጵያዊ ሊመልስ አይችልም።

ሰዓታችንን እንውሰድ። በጣቢያው መዝገብ ላይ 02:00 ተብሎ ሲጻፍ የሌሊት 8 ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ ግን 2 ሰዓት ጠዋት ነው፤ ወይም ማታ። የአውሮፕላን ትኬት ይዞ በዚህ የተሳሳተ ሰው የማያውቅ ማን አለ? የፈረቃ ርክክብ ላይ «ፓምፑ 2 ሰዓት ላይ ይቁም» ብሎ የሚናገር ደክሞት የሚወጣ ሰውና ተነስቶ የመጣ ተቀባይ በስድስት ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ መለኪያ ላይ 12/01/2018 የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2018 ነው፤ በቅርቡ የተፈተሸ መሣሪያ ማለት ነው። በፈረንጆቹ ደግሞ ጃንዋሪ 2018፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያልተነካ መሣሪያ። ስሪ ማይል አይላንድ ላይ አንዲት ካርድ መብራት ሸፈነች፤ እኛ ጋ ካርዷ ራሷ ልታሳስት ትችላለች። ይህን በአንድ አንቀጽ የሚዘጋ መመዘኛ መጻፍ ያለበት ኢትዮጵያዊ ነው።

ሌላው ከዚህ ይከብዳል። በጎጃም ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ታላቁን በንግግር መሐል አያቋርጥም። «አንቱ» እያለ ያደገበትን ሰው ተሳስተዋል ማለት ነውር ነው፤ ለብዙዎቻችን ይህ ጨዋነት ነው፣ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁበት። የፈረቃው አለቃ የተከበረ ጋሼ ሆኖ የተሳሳተ ቫልቭ ሲዘጋ፣ 25 ዓመት ያልሞላት ኦፕሬተር «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ስትል ሰከንዶቹ ያልፋሉ። መፍትሔው ልጅቷን ባለጌ ሁኚ ማለት አይደለም። አየር መንገዶች እንደሚያደርጉት ማስጠንቀቁን ግዴታዋ ማድረግ ነው፤ ቃሉ አስቀድሞ የተጻፈ፣ የተለማመደች፣ ያለ ማዕረግ የሚነገር፣ ሰሚውም ደግሞ እንዲመልሰው የሚገደድበት። አለቃው እንዳይቀየማት የሚያደርገው ደንቡ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ከሞስኮ አይመጣም።

ስለ ጾምም እንዲሁ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ በረመዳን ቀኑን ውሃ የማይቀምስ ኦፕሬተር ይኖረናል። ሞጣ ላይ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው። የፈረቃ ሠንጠረዡ ይህን አስቀድሞ ያውቀው።

«የዛሬ ሪአክተር ኮምፒውተር ነው የሚነዳው፤ ሰው ዳር ሆኖ ያያል» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሊዛን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 በጻፈችው አጭር ጥናት ያሳየችው ይህንን ነበር፤ ቀላሉን ሥራ ማሽኑ ሲወስድ ለሰው የሚቀረው ማሽኑ ያልቻለው ከባዱ ነው፤ ሰውየው ደግሞ በየቀኑ ስላልሠራው እጁ ደንዝዟል። ኤምካስም አውቶማቲክ ነበር።

ትንሽ አገር ለትልቅ ሻጭ ማዘዝ አይችልም የሚል ካለ ፊንላንድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ ከሶቪየት ኅብረት ሁለት ሪአክተሮችን ለሎቪሳ ጣቢያ ገዛች፤ የመጀመሪያው በ1977 ሥራ ጀመረ። ግን እንደመጣ አልተቀበለችም። የሶቪየቱ ንድፍ ያልነበረውን መከለያ ሕንጻ በአሜሪካ ፈቃድ አሠራች፤ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹን ከጀርመኑ ሲመንስ አስገጠመች። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቷ ዛሬም የራሱን መመሪያ ይጽፋል። ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙም አይበልጥም።

ስለ ተጠያቂነት የሚጨነቁ ሰዎችን አልንቅም። ሰክሮ ፈረቃ የገባ፣ መዝገብ የሐሰት የሞላ ይቀጣ። ግን ስህተቱን የሚናገር ሰው የሚታሰርበት ጣቢያ ስህተቱን የማይሰማ ጣቢያ ይሆናል፤ የዴቪስ ቤሲው ወሬ በአንድ ሀገር ውስጥ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መድረስ ያቃተው ያለ ቅጣትም ነው።

የምጠይቀው የተወሰነ ነው። የአቶሚክ ኤጀንሲው አዲስ ገቢ አገሮች ሊያሟሉ ይገባል ከሚላቸው 19 የመሠረተ ልማት ጉዳዮች ውስጥ የሰው ኃይልና የቁጥጥር ማዕቀፍ አሉ፤ ሰው ተኮር ምሕንድስና በሁለቱም ውስጥ ራሱን ችሎ በስሙ ይግባ። የጨረራ ቁጥጥሩን የያዘው መሥሪያ ቤት ሰሌዳ አይቶ «ይህ አይገባም» ማለት የሚችሉ መሐንዲሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይቅጠር፤ ሥልጣኑም ይሰጣቸው። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራን ሥራውን ለመጀመር ሪአክተር አትጠብቁ። የኢትዮጵያዊትን ሠራተኛ የእጅ ርዝመት ለመለካት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአደጋ መመሪያ በሌሊት ፈረቃ ስንቱ በትክክል እንደሚረዳው ለመፈተን፣ በግድቦቻችን መቆጣጠሪያ ክፍል በፈረቃ ርክክብ ላይ ሰዓቱ እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት የሚያስፈልገው ፈቃድና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዚህ ሥራ የሚወጣው የመመዘኛ ሰነድ የግዥ ውሉ አካል ሆኖ ሻጩ ሊፈርምበት ይገባል። ከፊርማው በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ብዙውን ማስተካከል አይቻልም።